ኤም 5 (ኤፍ 90)፦ 275/35 እና 285/35 አር 20 ጎማ መቀየር፣ ሁለት ወይስ አራት? የትኛውስ ዓይነት?

ስድስት_መቶ (ጥያቄ)

ሰላም ወገኖች። መኪናው ቢኤምደብሊው ኤም 5፣ ኤፍ 90 የሚባለው ትውልድ፣ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ነው። ፊት 275/35 አር 20፣ ኋላ 285/35 አር 20 (የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ኢንች)። የፊቱ ጎማ ጥርስ 4.5 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ የኋላው 2.5። ፍሬኑ የብረት ዲስክ ነው፣ ካርቦን ሴራሚክ አይደለም። መንገዱ አስፋልት ሆኖ ዝናብ ይበዛበታል። ጠዋት ጠዋት ሙቀቱ አንዳንዴ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፣ በረዶ ግን የለም። ትራክ አይገባም።

የኋላ ሁለቱን ብቻ መቀየር ይበቃል ወይ? የኮከብ ምልክት ያለውን (ቢኤምደብሊው የፈተሸውን) መግዛት ግዴታ ነው? የበጋ ጎማ (ለሞቃት አየር የተሠራ) ወይስ ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት የሚሆን)?

---

ቶርክ_ቁልፍ

ብራንድ ከመምረጥህ በፊት የጎማውን ጎን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብብ። ብዙ ሰው 275/35 አር 20 የሚለውን አይቶ ያቆማል፤ ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ያንተ መኪና ፊት ለፊት 102፣ ኋላ 104 ይፈልጋል። 102 ማለት አንዱ ጎማ 850 ኪሎ፣ 104 ማለት 900 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በዚሁ ልክ 98 (750 ኪሎ) እና 100 (800 ኪሎ) የተጻፈባቸው ጎማዎችም ይሸጣሉ። ቸርኬው ላይ ልክክ ብለው ይገባሉ፣ ከውጭ ሲታዩም ልዩነት የላቸውም። ግን ለዚህ መኪና አይሆኑም። የምትፈልገው ኤክስ.ኤል ማለትም የተጠናከረ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ነው።

ቀጥሎ የፍጥነት ፊደሉ ነው። ደብሊው በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር፣ ዋይ እስከ 300፣ በቅንፍ የተጻፈ ዋይ ደግሞ ከ300 በላይ። መኪናው እንደወጣ በ250 የተገደበ ነው፣ የኤም ድራይቨርስ ፓኬጅ ካለው ግን ገደቡ 305 ነው። ያ ፓኬጅ ያለበት መኪና ላይ በቅንፍ ያለ ዋይ እንጂ ተራ ዋይ አይገባም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ዋይ ጎማ ሙሉ ጭነቱን የሚሸከመው እስከ 270 ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ በ10 በጨመረ ቁጥር አቅሙ 5 በመቶ እየቀነሰ 300 ላይ ሲደርስ 85 በመቶ ብቻ ይቀራል። የጭነት ቁጥሩ ለፍጥነትም መጠባበቂያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

---

ትራንስፈር_ኬዝ

ሁለት ወይስ አራት ለሚለው፣ ሒሳቡን እንሥራው።

አዲስ ሲሆኑ የፊቱ ዲያሜትር 700.5 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 707.5 ነው። ስለዚህ ኋላው ከፊቱ በ1 በመቶ ይበልጣል፤ መኪናው የተሠራው በዚህ ልዩነት ነው። የአዲስ ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብለን እንያዝ። የፊትህ 3.5 ተበልቷል፣ ስለዚህ ዲያሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር ቀንሶ 693.5 ሆኗል። ኋላ ብቻ አዲስ ብታስገባ 707.5 ለ693.5 ይሆናል። ልዩነቱ 2 በመቶ፣ ማለትም ከተሠራበት እጥፍ።

ኤም ኤክስድራይቭ (የዚህ መኪና አራቱንም ጎማ የሚነዳው ሥርዓት) የፊት አክሱሉን የሚያገናኘው ትራንስፈር ኬዝ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ባለ ባለ ብዙ ሸራ ፍሪሲዮን ነው። የፊትና የኋላ ጎማ የዙሪያ ልዩነት ከታሰበው ሲርቅ ያ ፍሪሲዮን ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ሳያቋርጥ ይንሸራተታል። ዘይቱ ይሞቃል፣ ሸራው ይበላል። የመጀመሪያው ምልክት ቀስ ብሎ ሲነሳ ወይም መሪ ሙሉ ተጠምዝዞ ሲዞር የሚሰማ መንቀጥቀጥ ነው። እዚያ ከደረሰ ዘይት መቀየር ብቻውን ላያድነው ይችላል።

በፊትና በኋላ መካከል እስከ 2 ሚሊ ሜትር የጥርስ ልዩነት አያሳስብም። 3 ከደረሰ እጄን እሰበስባለሁ። ያንተ 3.5 ስለሚሆን አራቱንም ቀይር።

---

ዝናብና_ኩርባ

በሒሳቡ እስማማለሁ። ግን የኋላው «2.5» የተለካው የት ላይ ነው? መሐል ቦይ ላይ ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። የጥልቀት መለኪያውን በየጎማው ሦስት ቦታ አግባ፦ ውስጠኛው ቦይ፣ መሐል፣ ውጨኛው። መለኪያው የማለቂያ ምልክቱ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለችው ጉብታ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቅ። መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ የጎማውን ውስጠኛ ትከሻ በባትሪ ካላየኸው አታውቀውም፤ የዚህ መኪና ጎማ የሚያልቀው ከማይታየው በኩል ነው።

ከለካህ በኋላ መዳፍህን ጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፍ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ የቶ (ጎማው ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት ማዕዘን) ችግር ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ብቻ ካነሰ ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበት ማዕዘን) ነው።

---

ስድስት_መቶ

ተለካ። የኋላ ግራ፦ ውስጥ 1.8፣ መሐል 2.5፣ ውጭ 3.1። የኋላ ቀኝ፦ 2.2፣ 2.6፣ 2.9። የፊቶቹ በሦስቱም ቦታ 4.4 እና 4.6 መካከል ናቸው። የኋላ ግራው ላይ መዳፍ ሲያልፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይይዛል።

---

ዝናብና_ኩርባ

ታዲያ የኋላ ግራው ቶ ተዛብቷል፣ ምናልባት የአንድ ክንድ ላስቲክ ቡሺንግ ለቋል። የቀኙ ልዩነት (0.7) እንዲህ ያለ መኪና ከፋብሪካ ይዞት በሚወጣው አሉታዊ ካምበር ይገለጻል። የግራው 1.3 ግን አይገለጽም። አዲስ ጎማ በዚህ ላይ ብትጭን ውስጡ ቀድሞ ሊሾ ይሆንና መሐሉ ደህና እያለ ጎማው ይጣላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የኋላ ክንዶችን በሌቨር እያነቃነቁ ቡሺንጉን ማየት፣ የለቀቀ ካለ መቀየር፣ ከዚያ ጎማ፣ በመጨረሻ አላይመንት (እነዚህን ማዕዘኖች ማስተካከል)። አላይመንቱ የሚሠራው ነዳጁ ሞልቶ፣ የጎማው ንፋስ በትክክለኛው መጠን ሆኖ ነው። ካምበር ሲነካ ቶ አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ካምበር ቀድሞ፣ ቶ በመጨረሻ ይስተካከላል። የፊቱ ከመነካቱ በፊት የኋላው ይጠናቀቅ፤ ኋላው ጠማማ ከሆነ መሪው ቀጥ ብሎ አይቆምም። የፊትና የኋላ ቁጥሮቹን ከማስተካከሉ በፊትም በኋላም የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ።

---

ባለ_ኮከብ

ስለ ኮከቡ እኔ የማያወላውል አቋም አለኝ። የቢኤምደብሊው ኮከብ፣ የመርሴዲስ ኤም.ኦ፣ የአውዲ ኤ.ኦ፣ የፖርሼ ኤን እና ቁጥር፣ እነዚህ ጌጥ አይደሉም። ጎማው ለዚያ መኪና ተብሎ ተሠርቶ በአምራቹ የተፈተሸ ነው ማለት ናቸው። ስሙ አንድ ሆኖ ኮከብ ያለውና የሌለው ጎማ በውስጥ አሠራርም በላስቲክ ቅንብርም ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚህ መኪና ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስም ፒሬሊ ፒ ዜሮም ባለ ኮከብ ሆነው ተሠርተውለታል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

---

ትራንስፈር_ኬዝ

ባለ ኮከብ፣ በዚህ እንለያያለን። ኮከቡ ጥሩ ዋስትና ነው፣ መሆኑንም አልክድም። ግን ኮከቡ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም የፊቱና የኋላው ዙሪያ ለዚህ ትራንስፈር ኬዝ ተመጣጥኖ መሠራቱ ነው። ይህን ደግሞ ኮከብ በሌለው ጎማም ማረጋገጥ ይቻላል። አንዳንድ አምራቾች ለየልኩ ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር ወይም በአንድ ማይል ስንት ጊዜ እንደሚዞር በሰንጠረዥ ያወጣሉ። የፊቱን በኋላው ስታካፍል 1.01 አካባቢ ከመጣ ጥሩ ነው። ሰንጠረዡ ባዶ ከሆነ ሌላ ጎማ ፈልግ።

ፈጽሞ የማይደረገው መደባለቅ ነው። ፊት ባለ ኮከብ፣ ኋላ ኮከብ የሌለው አይሆንም። ፊት ሚሽሊን፣ ኋላ ኮንቲኔንታልም አይሆንም፤ 285/35 ተብሎ የተጻፈ ጎማ ከአምራች አምራች በወርዱም በዙሪያውም በሚሊ ሜትሮች ይለያያል። አሮጌ ጥልፍ ከአዲሱ ትውልድ ጋር ማጣመርም ያው ነው፦ ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ ፊት፣ ፓይለት ስፖርት ኤስ 5 ኋላ የሚባል ነገር የለም።

---

ባለ_ኮከብ

መደባለቁ ላይ አንድ ነን። ከኮከብ ውጭ የሚገዛ ሰው ሰንጠረዡን በትክክል ካየ አልከራከርም። ችግሩ አብዛኛው አያይም።

---

ጥልፍና_ላስቲክ

ወደ ምርጫው ልግባ። ትራክ የማይገባ፣ ዝናብ የሚያገኘው፣ 1,900 ኪሎ ገደማ የሆነ ከባድ መኪና ነው፣ 750 ኒውተን ሜትር ጉልበትም አለው። እንዲህ ላለ መኪና ስመርጥ መጀመሪያ የማየው እርጥብ መንገድ ላይ ያለውን ፍሬን፣ ሁለተኛ ሙቀት ሲበዛበት ጠባዩን አለመቀየሩን፣ ሦስተኛ ቶሎ አለማለቁን ነው። ድምፅና ምቾት ከዚያ ይመጣሉ።

ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ በ2017 የወጣ ቢሆንም አሁንም የማይሳሳት ምርጫ ነው። መሪው ቀጥተኛ ነው፣ ሲያልቅም እኩል ያልቃል፣ ጠባዩ እስከ መጨረሻው አይለዋወጥም። ተተኪው ፓይለት ስፖርት ኤስ 5 ነው። ኮንቲኔንታል ስፖርት ኮንታክት 7 እርጥብ አስፋልት ላይ ሲፈርን በጣም ጠንካራ ነው፣ ለዝናብ ቅድሚያ የሚሰጥ ሰው ቢያየው አይቆጭም። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ ስፖርት ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ መሪው ይፈጥናል፣ ግን መጥፎ መንገድ ላይ ያንገጫግጫል። ጉድይር ኢግል ኤፍ 1 አሲሜትሪክ 6 ከእነዚህ ለስላሳው ነው፤ ልኩና የጭነት ቁጥሩ ለፊትም ለኋላም መገኘቱን ግን ቀድመህ አረጋግጥ። እንደ ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ያሉት ለትራክ የታሰቡ ጎማዎች ገና አዲስ ሆነው ቦያቸው ጥቂት ነው፣ የተኛ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋሉ። ለዚህ ጥያቄ አይሆኑም።

ጎማው ጎን ላይ ያለው የትሬድዌር (ጥርሱ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያመለክት) ቁጥር እንዳያታልልህ። ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ 300 ነው። ሌላው 340 ቢል ብዙ ይቆያል ማለት አይደለም። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ በአንድ አምራች ጎማዎች መካከል ያነጻጽራል እንጂ ከአምራች አምራች አይሠራም። የአውሮፓው መለያ የእርጥብ መንገድ ደረጃ (ከኤ እስከ ኢ) ከዚህ ይሻላል። አዲስ ጎማ ላይ የተለካ መሆኑን ግን አትርሳ፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ያለውን ጠባይ አይነግርህም። ለዝናብ ስትል 1.6ን አትጠብቅ፣ 3 ላይ መቀየር ጀምር።

---

ዝናብና_ኩርባ

ሙቀትን በተመለከተ፦ የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታች መጠንከር ይጀምራል። ያኔ የሚያንሰው መያዙ ነው፣ በተለይ ጎማው ገና ሳይሞቅ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አምራቾች እዚያ ሙቀት ላይ መንዳቱንም ማንቀሳቀሱንም ይከለክላሉ። አንተ አልፎ አልፎ ጠዋት 5 ዲግሪ ነው ያልከው። ስለዚህ የበጋ ጎማ፣ ጠዋት ላይ ግን ጋዝ ሲረገጥ ረጋ ብሎ።

ወራቱን ሙሉ ጠዋቱ ከ7 በታች የሚውል ሰው ኦል ሲዝን ማየት አለበት፦ ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 ወይም ኤክስትሪም ኮንታክት ዲ.ደብሊው.ኤስ 06 ፕላስ። የሚከፈለው ዋጋ በሞቃት ደረቅ መንገድ ላይ ነው፤ የጥርሱ ብሎኮች በቀጫጭን ስንጥቆች የተከፋፈሉ ስለሆኑ ኩርባ ላይ ይተጣጠፋሉ፣ መሪው ትንሽ ይዘገያል። የጭነት ቁጥሩና የፍጥነት ፊደሉ እዚህም ይታይ።

---

ጠርዝ_ጠባቂ

ማንም ስላላነሳው፦ ባለ 19 ቸርኬ አስበሃል? የብረት ዲስክ ስላለህ ይቻልሃል፤ ካርቦን ሴራሚክ ቢሆን ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ክፍል) አያስገባም ነበር። የ19ኙ ልክ ፊት 275/40፣ ኋላ 285/40 ነው። ዲያሜትሩ 702.6 እና 710.6 ስለሚመጣ ምጥጥኑ ከ20ው ጋር ይቀራረባል። የጎማው ጎን ቁመት ግን ከ96 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ጉድጓድ ሲገጥም ያቺ 14 ሚሊ ሜትር ናት ቸርኬ እንዳይጣመም፣ የጎኑ ክር እንዳይበጠስ የምታደርገው። ጎኑ ላይ እንቁላል የመሰለ እብጠት ካየህ ክሩ ተበጥሷል፣ አይጠገንም፣ በዚያው ቀን ይወጣል።

ሚስማርን በሚመለከት፦ የሚጠገነው በመሐለኛው ጥርስ ላይ እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ብቻ ነው። ጎማው ከቸርኬው ወርዶ ከውስጥ ይታያል፣ የላስቲክ መሰኪያ ቀዳዳውን ሞልቶ ከውስጥ በልጣፊ ይታሸጋል። ከውጭ በገመድ የተወጋ ጎማ እዚህ መኪና ላይ አይመለስም። ትከሻና ጎን ላይ ያለ ቀዳዳ አይነካም።

---

አዲስ_ገቢ

ጣልቃ ልግባና፣ ረን ፍላት (ንፋሱ ቢያልቅም የሚሄድ ጎማ) ቢደረግስ? የእኔ መኪና 5 ሲሪየስ እንጂ ኤም አይደለም።

---

ባለ_ኮከብ

ኤም 5 ከፋብሪካ የሚወጣው በተራ ጎማ ነው፣ ስለዚህ ለጠያቂው አያስፈልገውም። የእርስዎ መኪና ግን በረን ፍላት የወጣ ከሆነ ስኮርታ ማስቀመጫ ላይኖረው ይችላል። ወደ ተራ ጎማ ከቀየሩ ኮምፕሬሰርና ማሸጊያ ፈሳሽ ሁልጊዜ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይኑር። ረን ፍላት ንፋሱ ካለቀ በኋላ በአብዛኛው እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ በ80 ፍጥነት ይሄዳል፤ በምትኩ ጎኑ ደረቅ ስለሆነ መንገዱን ሁሉ ይነግርዎታል። በአንድ መኪና ላይ ሁለቱን ዓይነት አይቀላቅሉ።

---

ስድስት_መቶ

ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ ባለ ኮከብ፣ አራቱም፣ በ20 ኢንች እንዲሆን ተወስኗል። የግራ ኋላው ክንድ ቡሺንግ ለቆ ተገኝቷል፣ እየተቀየረ ነው። ጎማዎቹ ደርሰዋል፦ ፊት ሁለቱም 0525፣ ኋላ አንዱ 3824 አንዱ 0525። ይህ ችግር አለው? ሲገጠም ምን ምን ይታይ?

---

ቶርክ_ቁልፍ

ችግር የለውም። ጎማው ጎን ላይ ያለው የዲ.ኦ.ቲ ቁጥር መጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፦ 3824 የ2024 38ኛ ሳምንት፣ 0525 የ2025 5ኛ ሳምንት። በጥላ የተቀመጠ ጎማ ላይ የጥቂት ወራት ልዩነት ምንም አያመጣም። ኮከቡ አራቱም ላይ መኖሩንና 102፣ 104 መሆናቸውን ግን ተለጣፊው ወረቀት ላይ ሳይሆን ላስቲኩ ላይ ተመልከት።

ስለ መገጣጠሙ፣ እዚህ ላይ ነው ጥሩ ጎማ የሚበላሸው። ሌቨር የማይጠቀም ማሽን ያለው ጎሚስታ ፈልግ፤ 35 ቁመት ያለው ጎማ በብረት ሌቨር ሲጎተት ወይ ቸርኬው ይጫራል ወይ የጎማው ጠርዝ ይቀደዳል። ጎማው ከመውጣቱ በፊት የንፋስ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ይታወቅ፣ የማሽኑ ክንድ እንዳያደቀው። ሴንሰሮቹ ያረጁ ከሆነ ባትሪያቸው አይቀየርምና አሁኑኑ አስቀይራቸው፤ ካላረጁ የቫልቩ ጎሚኒና ልቡ ብቻ ይቀየር።

ባዶ ቸርኬውን ባላንስ ማሽኑ ላይ አስሽከርክረው መጣመሙን ይመልከቱ። ጎማው ሲገባ ውጭ የሚለው ጽሑፍ በውጭ በኩል መሆኑን አንተው እይ፤ ጥልፉ አሲሜትሪክ (የውስጡና የውጩ ግማሽ የተለያየ) ስለሆነ ተገልብጦ ቢገባም ይሽከረከራል፣ ማንም ሳያውቅ ይኖራል። ቢጫ ነጥብ ካለ ወደ ቫልቩ ይዙር። ጠርዙ ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ ሲነፋ 2.75 ባር አይለፍ። እምቢ ካለ ንፋሱ ወጥቶ ጠርዙ እንደገና ሳሙና ይቀባል እንጂ በግፊት አይገደድም። ባላንሱ ጎማውን በሮለር እየተጫነ የሚለካ ማሽን ቢሆን ደግ ነው፤ በ120 ላይ መሪን የሚያንቀጠቅጠው ሁልጊዜ የክብደት ጉድለት አይደለም፣ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ መፍትሔው ጎማውን ቸርኬው ላይ ማዞር ነው፣ ክብደት መጨመር አይደለም።

ቸርኬው ከመመለሱ በፊት የሃቡ (ቸርኬው የሚታሰርበት ክፍል) ፊት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ። ቡሎኑ ደረቅ ይሁን፣ ቅባት አይነካው። በእጅ ተጀምሮ፣ በኮከብ ቅርጽ ተዳርሶ፣ መኪናው መሬት ላይ ሆኖ በቶርክ ቁልፍ 140 ኒውተን ሜትር። በአየር ሽጉጥ አይጠበቅ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

---

ጥልፍና_ላስቲክ

ለዚህ መኪና አንድ ነገር ልጨምር። ሲገጠም ጠርዙ የተቀባው ሳሙና ቶሎ አይደርቅም። 750 ኒውተን ሜትር ገና እርጥብ በሆነ ጠርዝ ላይ ሲወርድ ቸርኬው ጎማው ውስጥ ይዞራል፣ ባላንሱም ይጠፋል፣ ሰውም ባላንሱን ያልሠራው ጎሚስታው ነው ይላል። በአራቱም ጎማ ላይ ከቫልቩ ትይዩ ጎማውን በጠመኔ አስምር። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ጋዝ በኃይል አይረገጥ። ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ደግሞ ጎማው ሙሉ ስለማይዝ፣ በተለይ ዝናብ ላይ፣ ኩርባውን አትድፈረው።

ንፋሱ የሚለካው መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ነው፣ መጠኑም የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው እንጂ ጎማው ጎን ላይ ያለው አይደለም፤ እርሱ ከፍተኛው ነው። ሠንጠረዡ ላይ ለጭነትና ለከፍተኛ ፍጥነት የተለየ ረድፍ አለ፣ እርሱንም እይ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀያየር ግፊቱ በ0.1 ባር ገደማ ስለሚለዋወጥ ቀን በሞቀ ጎማ የተሞላ ንፋስ ጠዋት ይጎድላል። ሞልተህ ስትጨርስ የንፋስ ሴንሰሩን ከመኪናው ሜኑ ሪሴት አድርግ።

---

ስድስት_መቶ

ጠመኔው ከተሰመረ በኋላ መቼ ይታይ?

---

ጥልፍና_ላስቲክ

ቡሎኑን እንደገና በምትፈትሽበት 100 ኪሎ ሜትር ላይ አብረህ እየው። መስመሩ ከቫልቩ ትይዩ ካለ ጨርሰሃል። ከአንድ ጣት ወርድ በላይ ከሸሸ ያንን ጎማ ብቻ እንደገና ባላንስ አስደርግ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሸሹት የኋላዎቹ ናቸው።